ክኒኑን እንደ ኮሶ የዋጥን ዕለት

የመጀመሪያው ምልክት ብርድ ነበር። መንዝ ውስጥ ደግሞ በረደኝ ያለን ሰው ታመመ የሚል የለም።

ዘመሮ አጠገብ፣ እናቴ ቤት ነበርኩ። ማለዳ ነው። የገብሱ ማሳ በውርጭ ነጭ ሆኗል፤ በጎቹ ከጋጣ ሲወጡ ትንፋሻቸው ይጨሳል። እናቴ ትኩስ ቆሎ በሰፌድ አቀረበችልኝ። አንድ እፍኝ ዘግኜ ወደ አፌ አስጠጋሁና መቆርጠም አቃተኝ። ጥርሴ በራሱ ጊዜ ይንገጫገጫል። እናቴ አየችኝና ሳቀች።

«በረዶ ላይ ነው የምኖረው ስትዪ አልነበር? የመንዝ ብርድ እንዲህ ካንቀጠቀጠሽ ያንን አገር እንዴት ቻልሽው?»

ከበግ ፀጉር የተሠራ ባና አለበሰችኝ። በላዩ ሌላ ባና ደረበች። ከሁለቱም ሥር ሆኜ መንቀጥቀጤ አልቆመም። ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ብርዱ ሄደና ትኩሳት መጣ፤ ከትኩሳቱ በኋላ ላብ። ላቡ ሲደርቅ ደህና ሆንኩ። እንዲያውም ራበኝ። ተነሥቼ ልብሴን ቀየርኩና ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ መጣሁ። ሁላችንንም ያታለለን ያ ደህና መሆኔ ነው።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ከሩቅ አገር ወደ ትውልድ ቀያቸው ለሚሄዱ፣ በዚያውም ቆላ ለሚወርዱ ሰዎች ነው። ሐኪም አይደለሁም። የማውቀው በሰውነቴ ያለፈውን፣ እናቴ ያየችውንና ሐኪሙ ያስረዳንን ብቻ ነው። ሦስቱን ሳልቀላቅል ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው ከአገር የወጣሁት። የምኖረው ኖርዌይ፣ በባሕር ዳርቻ ባለች ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው፤ ሥራዬም በአረጋውያን መጦሪያ ሽማግሌዎችንና ባልቴቶችን ማብላት፣ ማጠብ፣ ማስተኛት ነው። በታመምኩበት ዓመት ታናሽ እህቴ አስካለ ሴት ልጅ ወለደች። አስካለ የተዳረችው መርሐቤቴ፣ ከዓለም ከተማ በታች ወንዝ ዳር ወዳለ ቆላ መንደር ነው። ልጅቷ ሰማንያ ቀን ሲሞላት ክርስትና ትነሣለችና ክርስትና እናቷ እንድሆን ላከችብኝ። እንዲህ ያለውን ጥሪ እምቢ የሚል ሰው የለም፤ እኔማ በደስታ አለቀስኩ። ፈቃድ ጠየቅሁ፣ ቲኬት ቆረጥኩ፣ ለተጓዦች መድኃኒት ወደሚታዘዝበት ክሊኒክም ሄድኩ።

ነርሷ ካርታ ዘርግታ የምሄድበትን እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ጣቴን መንዝ ላይ አሳረፍኩና፣ አገሬ ብርድ ነው፣ የምናበቅለው ገብስ ነው፣ ወባ የለብንም አልኳት።

«እዚያ ብቻ ነው የምትቆዪው?» አለችኝ።

ጣቴን ትንሽ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ገደሉ ገፋ አደረግሁት። ካርታው ላይ የጥፍር ያህል ርቀት ነው። እሷ ግን እዚያ የተጻፈውን ከፍታ አየችና መድኃኒቱን ማዘዝ ጀመረች።

ያዘዘችልኝ ሜፍሎኪን የሚባለውን ነው። በሳምንት አንድ ፍሬ፣ ቀኑን ሳይለውጡ፣ ምግብ ከተበላ በኋላ። የሚጀመረው ገና ሳይሄዱ ነው፤ ቆላ እስካሉ ድረስ ይቀጥላል፤ ከቆላ ከወጡም በኋላ አራት ሳምንት ይዋጣል። ይህን የመጨረሻውን ነገር ደግማ ነገረችኝ። «አራት ሳምንት፤ ደህና ብትሆኚም» አለች። ሰማኋት። ቀኔ እሑድ ይሁን አልኩ፤ እሑድ አይረሳም። አንድ አጎበርም ገዛሁ። ክኒኑ ሕልም ያበዛል ተብዬ ነበር። እውነትም በመጀመሪያው ሳምንት ያረፉት አያቶቼ መጦሪያ ቤታችን ገብተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ሾርባ ሲጠብቁ አየሁ።

መንዝ ደርሼ፣ ቆላ የምንወርድበት ቀን ዋዜማ እሑድ ዋለ። ከቅዳሴ መልስ በልተን ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠናል፤ እኔ፣ እናቴና ወንድሟ ቄስ ዘውዴ። ቄስ ዘውዴ የቤተሰባችን የንስሐ አባትም ናቸው፤ ከእኛ ጋር ሊወርዱ በቅሏቸውን ጭነው ለማደር መጥተዋል። ክኒኔን ከማሸጊያው ፈልቅቄ በመዳፌ ስይዝ አዩኝ።

«ምንሽን አመመሽ፣ ልጄ?»

«ምንም አላመመኝም፣ አባ። እንዳያመኝ ነው።»

«እንዳያመኝ!» ወደ እናቴ ዞሩ። «ሰማሽ? ፈረንጅ ሳይታመም ይታከማል። እኛ ኮሶ እንኳ የምንጠጣው ሆዳችን ሲጮህ ነው።»

«የወባ መከላከያ ነው። ነገ ቆላ ስለምንወርድ…»

«ስለምንወርድ አልሽ?» አለች እናቴ። «የምንወርደው ሦስታችን፣ የምትውጪው አንቺ?»

ፊቴ ጋለ። በልጅነቴ በእኛ ቤት ኮሶ ለብቻ አይጠጣም ነበር። አንዱን ሲያስፈልገው ለቤቱ ሁሉ ይወቀጣል፤ ልጅም አዋቂም አፍንጫውን ይዞ ይጨልጣል፤ የዚያን ቀን እንግዳ አይገባም፤ በማግስቱ ሁሉም ነጻ ነው። መድኃኒት ሲባል የምናውቀው እሱን ነበር። አንድ ጊዜ፣ በአንድ ላይ፣ መራራ።

«ለአንድ ሰው የታዘዘ ነው እኮ» አልኩ።

«እኛስ ምን አልን? ለአንድ ሰው አንድ!» አሉ ቄስ ዘውዴ፣ መዳፋቸውን ዘርግተው።

እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም። ለእናቴም ለእሳቸውም ሰጠሁ። እናቴ አማትባ በውሃ ዋጠችው። ቄስ ዘውዴ ግን እንደ ቆሎ ቆረጠሙት። ፊታቸው ተጨማደደ፤ ጺማቸው ሳይቀር የተኮማተረ መሰለኝ።

«ኧረ ይኼስ ኮሶን ያስመሰግናል!»

«መረረ?» አለች እናቴ ደስ ብሏት። «እንግዲያው መድኃኒት ነው።»

በማግስቱ ወረድን። የእኛን አገር ያላየ ሰው ይህን ላያምነኝ ይችላል። ሜዳው ሄዶ ሄዶ ድንገት ያልቃል፤ ከእግር ሥር ደግሞ ሌላ አገር ተዘርግቶ ይታያል፤ ወንዙ እንደ ወደቀ ክር፣ መንደሮቹ እንደ ተበተነ ጥራጥሬ። ጠዋት ጋቢ ተከናንበን የጀመርነው መንገድ ከሰዓት በኋላ ጋቢያችንን በቅሎዋ ላይ አስጫነን። ገብሱ ጠፍቶ ጤፍ መጣ፤ ጤፉ አልቆ ማሽላ ሆነ። ጆሮዬ ተደፍኖ ተከፈተ። የወፎቹ ድምፅ እንኳ የማላውቀው ነበር። እግዚአብሔር በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ይህን ሁሉ አየር እንዴት አድርጎ እንደ ደራረበው እያሰብኩ ሳለ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ልጅ ሆኜ ከላይ ቆሜ ያየሁት ገደል ነው፤ ገብቼበት ግን አላውቅም ነበር።

የአስካለን ልጅ ታቅፌ ክርስትና አስነሣኋት። ማተቧ ሲታሰር አላለቀሰችም፤ ዓይኔን ዓይኔን አየችኝ። የያዝኩትን አጎበር ለእሷና ለእናቷ ሰቀልኩት። በዚህ እስከ ዛሬ አልቆጭም። ክኒኑ ግን ሌላ ነገር ነው። በሚቀጥለው እሑድ ማሸጊያውን ሳወጣ ቄስ ዘውዴ ለአስካለ ባል «የእንዳያመኝ መድኃኒት መጣ» ብለው አወጁ። እንግዳ ሆኜ፣ በሰው ቤት፣ በሰው ማዕድ ላይ ለብቻዬ ልውጥ? የቤቱ ሰው ሁሉ አንድ አንድ ደረሰው። እጇን ያልዘረጋችው አስካለ ብቻ ነበረች።

«አንቺስ?» አልኳት።

«እኔ አጠባለሁ። ለምታጠባ ይሆናል ብሎ የነገረሽ ሰው አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ይቅርብኝ። ደግሞ እህት ዓለም፣ ይኼን ሁሉ አድለሽ ለራስሽ ምን ተረፈሽ?»

«እኔ ደጋ ልገባ አይደል?»

ልጇን ወደ ጡቷ አስጠጋች። ልንመለስ ስንሰናበት ግን የእናታችንን እጅ ይዛ አልለቅም አለች። «እማዬ፣ ትኩሳት የነካው ሰው ካለ ቆይ ነገ እንዳትሉ። እኛ እዚህ ሲያተኩሰን ዓለም ከተማ ወጥተን ደማችንን ነው የምናስመረምረው። ለሐኪሙም መጀመሪያ ‹ከቆላ መጣን› በሉት። እሱን እንዳትረሺ።»

አቀበቱን ወጥተን የመንዝ ነፋስ ሲቀበለን እናቴ ወደ ገደሉ ዞራ፣ «ንዳድ እንግዲህ እዚያው ይቅር፤ ይኼን አቀበት አይወጣም» አለች። ንዳድ የምትለው ወባን ነው። እኔም በልቤ እንደዚያው አሰብኩ። ቅዝቃዜው ሲነካኝ የዳንኩ መሰለኝ። የአራቱ ሳምንት ነገር ትዝ አላለኝም ብል ውሸት ነው፤ ትዝ ብሎኛል። ግን ክኒኑ አልቋል፣ ያለሁትም ውርጭ ላይ ነው። ባዶውን ማሸጊያ ልጥለው ስል እናቴ ተቀበለችኝ። መድኃኒት የነካ ነገር አይጣልም ብላ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው።

ወደ ሕመሙ ልመለስ።

ብርዱ ተመለሰ። ትኩሳቱም ተመለሰ። አሁን በመካከላቸው ደህና የምሆንበት ጊዜ አጠረ። ሊጠይቁን ከመጡት ጎረቤቶች አንዱ፣ «ቆላ ወርዳ አልነበር? ንዳድ እንዳይሆን» አለ። እናቴ በኩራት መለሰችለት።

«የንዳዱን ክኒን ውጣለች እኮ! እኛም ውጠናል፤ ይኸው እንደምታየን ነን።»

ከዚያ በኋላ ንዳድ የሚል ጠፋ። ክኒኑ ከበሽታው ሳይሆን ከመጠርጠር ጠበቀን። ምች ነው ተባለ። ዳማከሴ ተጨምቆ ተቀባሁ። ሽታው ደስ ይላል፤ ሕመሙን ግን አልነካውም።

ከዚያ ራሴ ተሰነጠቀ። ብርሃን ዓይኔን ወጋው። አስታወከኝ። ውሃ ሆዴ አልቀመጥ አለ። እናቴን የጠራኋት ይመስለኛል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም።

የማላውቀውን እናቴ ነገረችኝ።

ማውራት ጀመርኩ። በአማርኛ አልነበረም። እናቴ ከዚያ በፊት ኖርዌጅኛ ሰምታ አታውቅም፤ ከልጇ አፍ የማታውቀው ቋንቋ ሲወጣ ሌላ ነገር ገባባት ብላ ጮኸች። ቄስ ዘውዴ መስቀላቸውንና ጠበላቸውን ይዘው እየሮጡ መጡ። ራስጌዬ ተቀምጠው ሳያጠምቁኝ በፊት ለረጅም ጊዜ አዳመጡኝ።

«ይኼ እርኩስ መንፈስ አይደለም» አሉ።

«እንዴት ያውቃሉ?»

«ድምፅዋን አትሰሚም? ትለምናለች እኮ። እባክህን እባክህን የምትል ነው የምትመስለው። ሰይጣን መቼ ለምኖ ያውቃል?»

ልክ ነበሩ። ከሕመሜ ቁርጥራጭ ትዝታ ውስጥ የቀረልኝ ይህ ነው፤ መጦሪያ ቤቱ ውስጥ ነኝ፣ አንድ ሽማግሌ አፋቸውን ገጥመው እምቢ ብለውኛል፣ እባክዎን ትንሽ ይጠጡ እያልኩ እለምናቸዋለሁ።

ቄስ ዘውዴ ጠበሉን ግንባሬ ላይ ረጩ። ከዚያ እጃቸውን እዚያው አሳርፈው ቆዩና በፍጥነት አነሡት።

«አስካለ ስንለያይ ምን ነበር ያለችሽ?»

እናቴ ያን ጊዜ ነው የነቃችው። «‹ከቆላ መጣን በሉ› ነው ያለችው።»

«ታዲያ ለማን ነው የምንለው? ለእኔ ነው? እኔማ አብሬያችሁ ነበርኩ!» ብለው ተነሡ። «ጠበሉ እዚህም አለ፣ መንገድም ላይ አለ። መርፌው ግን እዚህ የለም። ቃሬዛ አምጡ!»

ሞባይል ስልክ ገና ወደ እኛ አካባቢ አልደረሰም ነበር፤ መኪና ያገኘ የሚሳፈረው መንገድ ዳር ቆሞ ነው። ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው አወጡኝ። መጀመሪያ የመጣው በግ ለገበያ የጫነ አይሱዙ ነበር። ሹፌሩ በጋቢና ያሉትን ሰዎች ውረዱ ብሎ ገና ሳይጨርስ፣ እናቴ ከኋላ፣ በጎቹ መካከል ገብታ እግሯን ዘረጋች። ቄስ ዘውዴ ራሴን ጭኗ ላይ አድርገው አጠገባችን ተቀመጡ። በሞላሌ በኩል አልፈን ሆስፒታል እስክንደርስ ድረስ በጎቹ ግራና ቀኝ ተጠግተው አሞቁኝ። እናቴ ይህን ስትነግረኝ እስከ ዛሬ ድምፅዋ ይለወጣል። «አንዱ እንኳ አልረገጠሽም» ትላለች።

ሐኪሙ ወጣት ነበር። «ከየት ነው የመጣችሁት፣ እናቴ?» አላት።

እናቴ መሐላ እንደምትፈጽም ሰው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ከቆላ መጣን!» አለች።

ደሜ ተወሰደ። ውጤቱ ብዙ አልቆየም። ሐኪሙ ለእናቴና ለቄስ ዘውዴ ቁርጡን ነገራቸው። «የጭንቅላት ወባ ነው። ሴሬብራል ማላሪያ እንለዋለን። ፋልሲፓረም ከሚባለው ከክፉው ዓይነት የሚመጣ ነው። ከባድ ነው። እንሞክራለን።»

«ክኒን ውጣ ነበር» አለች እናቴ።

«ምን ዓይነት ክኒን?»

መቀነቷን ፈታች። ባዶውን ማሸጊያ ሰጠችው። ሐኪሙ አንብቦ ቀና አለ።

«ይህን ይዘው መምጣትዎ ትልቅ ነገር ነው። አሁን የምሰጣት ኩዊኒን ነው። ኩዊኒኑን ብዙ ጊዜ በትልቅ መጠን ነው የምንጀምረው፤ ይህን ክኒን በቅርቡ ለወሰደ ሰው ግን የመጀመሪያውን ትልቅ መጠን እንተዋለን፤ ልብን ሊጎዳ ይችላል። መቼ ነው የጨረሰችው?»

«ተካፍለን ነው የጨረስነው።»

«ስንት ሆናችሁ?»

«ቤት ውስጥ የነበረው ሁሉ» አለች እናቴ።

ሐኪሙ ሥራውን ጀመረ።

ኩዊኒኑ በግሉኮስ ጠብ ጠብ እያለ ገባ። አልነቃሁም። የደም ስኳሬ ወረደ። ስኳር ተጨመረልኝ። አንቀጠቀጠኝ። ያዙኝ። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ቄስ ዘውዴ ውጭ፣ ዛፍ ሥር ዳዊት ደገሙ። ሐኪሙ ሲገባና ሲወጣ እናቴ ፊቱን አየች። ፊቱ ምንም አልነገራትም።

እኔ የማውቀው የነቃሁበትን ድምፅ ነው። ጽናጽል ይንሿሿል። ከሩቅ፣ ሳያቋርጥ፣ ቀጭንና ንጹሕ የሆነ የብዙ ጽናጽል ድምፅ። ዓይኔን ሳልገልጥ ሰማሁትና አልፈራሁም። ሞቼ ጥሩ ቦታ የደረስኩ መሰለኝ።

«እማዬ» አልኩ፣ በአማርኛ። «ቅዳሴ ገባ?»

«የምን ቅዳሴ፤ ዛሬ ማክሰኞ ነው» አለች እናቴ፤ ከዚያም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ጆሮዬ ውስጥ የሚንሿሿው ኩዊኒኑ እንደሆነ ሐኪሙ አስረዳኝ፤ የመድኃኒቱ የሚጠበቅ ጠባይ ነው፣ ይሄዳል አለኝ። ሄደም። እኔ ግን እውነቱን ለመናገር ሲሄድ ቅር አለኝ፤ ሕይወቴን መልሶ የሰጠኝ መድኃኒት ድምፁ እንደ ጽናጽል መሆኑ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

መቀመጥ ስችል፣ አጥሚት መጠጣት ስችል፣ ጥያቄዬም ከእኔ ጋር ተነሣ። ትንኟ የነከሰችኝ ቆላ ነው፤ የታመምኩት ግን ደጋ ገብቼ ከሰነበትኩ በኋላ ነው፤ እስከዚያ የት ነበር? ሐኪሙ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ እናቴም እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነገረን።

«ተውሳኩ ከትንኟ ሲገባ መጀመሪያ የሚሄደው ጉበት ነው። እዚያ ተደብቆ ይራባል። ያን ጊዜ ሰውየው አያተኩሰውም፣ አያመውም፣ ይሠራል፣ ይበላል። ያንቺ ክኒን ደግሞ ጉበት ውስጥ አያገኘውም። የሚገድለው ወደ ደም ሲወጣ ነው። ስለዚህ በሚወጣበት ጊዜ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ሆኖ መጠበቅ አለበት። አራት ሳምንት የተባለው ለዚህ ነው።»

«ደህና ሆነውም ነው የሚዋጥ?» አለች እናቴ።

«ደህና ሆነው ነው፣ እናቴ።»

«ገደሉን ወጥተውም? ብርድ አገር ገብተውም?»

«እሱ የቤትዎን ብርድ አያውቅም። እሱ ያለው ልጅዎ ሰውነት ውስጥ ነው፤ እዚያ ሁልጊዜ ሙቀት ነው።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ይኼ ኮሶ አይደለማ። ጾም ነው። ጾም ሆዴን አመመኝ ተብሎ አይጾምም፤ ቀኑ ሲደርስ ይጾማል፣ እስኪፈጸም አይፈታም። ሌላው ሰው ቢጾምልሽም ላንቺ አይሆንሽም። አንቺ ሳይፈጸም ፈታሽው።» ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞራ፣ «እንዲህ ብሎ የነገረን ሰው ቢኖር ኖሮ እጃችንን አንዘረጋም ነበር» አለች።

ሐኪሙ ሳቀ። «ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ብዬ ነው የምናገረው» አላት።

ከመውጣቴ በፊት የላቦራቶሪዋ ባለሙያ ደሜን ዳግመኛ መርምራ ንጹሕ ሆኗል አለችኝ፤ እኔም ካላስቸገርኩሽ የመጀመሪያውን ቀን ደሜን አሳዪኝ ብዬ ለመንኳት። ደሜ የተቀባበትን ስስ ብርጭቆ አስቀምጣው ኖሮ ማይክሮስኮፑ ሥር አደረገችልኝና ዓይኔን አስጠጋሁ። ክብ ክብ የሆኑ፣ ቀለማቸው የፈዘዘ የደም ሕዋሳት ተደርድረው አየሁ፤ በአንዳንዶቹ ውስጥ ደግሞ ቀጭን ሰማያዊ ቀለበት አለ፣ ቀለበቱም ላይ እንደ ፈርጥ አንዲት ቀይ ነጥብ። አንጥረኛ የሠራው ይመስላል። ምን አስቀያሚ ነገር አያለሁ ብዬ ነበር የጎነበስኩት፤ ያየሁት ግን ለሙሽራ ጣት የሚሆን ቀለበት ነው። ይህን ያህል ያማረ፣ ይህን ያህል ያነሰ ነገር የመንዝን አቀበት በእኔው ሰውነት ውስጥ ሆኖ መውጣቱን፣ ጉበቴ ውስጥ ዝም ብሎ ቀኑን መጠበቁን፣ ከዚያም የእናቴን ልጅ ቋንቋዋን አስጥሎ ከሞት ደጅ ማድረሱን ሳስብ ሰውነቴ ተሰቀቀ፤ ወዲያው ደግሞ ይህን ቀለበት ያየ ዓይንና ያሸነፈ መድኃኒት ለሰው ልጅ መሰጠቱን ሳስብ እንባዬ መጣ። «ምነው፣ አስፈራሽ?» አለችኝ ባለሙያዋ። አስፈርቶኛል፤ ግን ገደሉን ቁልቁል ሳይ የተሰማኝ ዓይነት ፍርሃት ነው፤ ሰው ከፈጣሪ ሥራ ፊት ሲቆም የሚሰማው።

የእናቴና የቄስ ዘውዴ ደምም ተመርምሮ ምንም አልተገኘበትም። የደረሳቸው አንድ ሁለት ክኒን ጠቅሟቸው ነው ብዬ አላምንም፤ ሐኪሙም እንደዚያ አላለም። ለምን እኔን ብቻ እንደያዘኝ አላውቅም፤ አላውቅም ብዬ መተውን ተምሬያለሁ።

ማገገሜ ዘገምተኛ ነበር። ጸጉሬ ረገፈ፤ ከቤት እስከ ጋጣው ስሄድ ጉልበቴ ይብረከረክ ነበር፤ እናቴ ግን በሶውንም አጥሚቱንም እየቀያየረች፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ እያስቀመጠች፣ ጎረቤት በመጣ ቁጥር የጾሙን ነገር ከመጀመሪያው እየተረከች ቀስ በቀስ ወደ ሰውነት መለሰችኝ። አንድ ቀን ቆሎ አቀረበችልኝ፤ ቆረጠምኩት።

አሁን ለናንተ ልናገር። መከላከያው የሚዋጠው ደህና ሳላችሁ ነው፤ ይህን ልባችሁ ይቀበለው። ትውልድ አገራችሁ ስለሆነ ደማችሁ የሚያውቀው አይምሰላችሁ፤ እኔ ደጋ ተወልጄ ቆላውን ደሜ አያውቀውም ነበር፤ ቆላ የተወለደም ሰው ቢሆን በውጭ አገር ዓመታት ሲቆይ የነበረው መቋቋም እንደሚደክም ሐኪሙ ነግሮናል። የሐኪማችሁን ትእዛዝ እስከ መጨረሻው ፈጽሙ፤ የመድኃኒቱ ዓይነት ሲለያይ ቀኑም ይለያያልና ጠይቁ። ለናንተ የተመዘነውን ለማንም አታካፍሉ፤ ለነፍሰ ጡር፣ ለምታጠባ፣ ለልጅ፣ ልቡን ለሚያመው ሰው የሚሆነው ሌላ ሊሆን ይችላል። ማካፈል ስትፈልጉ አጎበር አካፍሉ። ከተመለሳችሁ በኋላ፣ ወራትም ቢያልፉ፣ ትኩሳት ከነካችሁ ክኒን ውጫለሁና ወባ አይደለም አትበሉ፤ የት እንደነበራችሁ ለሐኪም አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ የክኒኑንም ማሸጊያ ይዛችሁ ሂዱ። ጠበሉን አትተዉ፤ እኔም አልተውኩም። ግን ጠበሉ መኪናው ላይ አብሮ ይሄዳል።

አምላኬን አመሰግናለሁ። ቃሬዛዬን የተሸከሙትን፣ በጎቹን ገፋ አድርጎ ቦታ የሰጠንን ሹፌር፣ ያንን ወጣት ሐኪም፣ ቆላ ተቀምጣ የደጋውን ሰው ያዳነችውን እህቴን አመሰግናለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ክርስትና ልጄን ለማየት እንደገና ወረድኩ። ለአስካለ ጎረቤቶች ሳይቀር አጎበር ተሸክሜ ሄድኩ፤ ክኒኔ ግን የእኔ ብቻ ነበር። ከእናቷ ጋር ዓለም ከተማ ገበያ ውላ የተመለሰችው ክርስትና ልጄ ሮጣ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ወደ መንዝ ተመልሼ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ከእናቴና ከቄስ ዘውዴ ጋር በልተን ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ሳለ እናቴ ድንገት ቀና አለች።

«ዛሬ እሑድ ነው። ጾምሽ መቼ ነው የሚፈጸመው?»

«ገና ነው፣ እማዬ።»

ክኒኔን ከማሸጊያው ፈለቀቅሁ። ቄስ ዘውዴ እጃቸውን ዘረጉ። መዳፋቸው ባዶ አልነበረም። ውሃ የሞላ ጣሳ ይዘዋል።

«በይ ዋጪ» አሉኝ። «እኛ እናያለን።»